አምስተኛው መደልደያ

ሪቨርሳይድ፣ ካሊፎርኒያ
ሜይ 9 ቀን 1982

ስታፍ ወንድሜ፣

ፖስታ ካርድህ ደርሶኛል። እንደ ልማድህ ሰላምታው ሁለት ቃል፣ ጥያቄው ስድስት መስመር ነው። እኔ ግን ሰላምታዬን አልቆጥብም። አንተስ፣ አባዬስ፣ ጉልበትህስ እንዴት ከርማችኋል? ጉልበትህን ለብቻው የምጠይቀው ከአንተ የበለጠ ስለሚናገር ነው።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። በሴፕቴምበር ለአገራት የሞተር ብስክሌት ውድድር ከአሜሪካኖቹ ጋር አገራችን ዛንደርሎ እንመጣለን። "እንመጣለን" በማለቴ አትቆጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬ "ይመጣሉ" ብል ራሴንም ይደንቀኛል። ታላላቆቹ ሞተረኞቻቸው ግን አይመጡም። አንዱ እጁን ተሰብሯል። ሁለቱ ደግሞ "አሸዋ ውስጥ ገብተን ለቤልጅጎች መሳቂያ የምንሆነው ምን በወጣን" ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ የማመጣው ሦስት ጎረምሶች ነው፤ ኪፕ፣ ዳሬልና ቶሪ ይባላሉ። ትልቁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የራሳቸው ጋዜጦች እንኳ "ለሽርሽር የሚሄዱት ልጆች" ብለው ነው የጻፉባቸው።

አንተ በ73 እዚህ ስትመጣ የነበረው ትዝ ይልሃል? እናንተ አውሮፓውያን በየኦክቶበሩ እየመጣችሁ፣ ዋንጫውን ሁሉ ሰብስባችሁ፣ "ተማሪዎቻችን ደህና ሁኑ" እያላችሁ ትመለሱ ነበር። ያኔ እነዚህ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩአችሁ ነበር። ኪፕ የአንተ ፊርማ ያለበት ሸሚዝ አለው። ፊርማህን ፈርመህ ከስሩ "ተለማመድ" ብለህ ጽፈህለታል። የጻፍከውን ብቻ ሳይሆን ስትጽፍ የሳቅከውንም ያስታውሳል።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ከውድድሩ በፊት አሥር ቀን ከቤታችን ጀርባ ያለውን የአሸዋ ጉድጓድ ፍቀድልን። ሌላ ማንም መለማመጃ አይሰጠንም፤ ጠይቄ አይቻለሁ። መሬቱ አሁን በስምህ ስለሆነ እምቢ ብትልም አልቀየምህም። ማለቴ፣ ብዙ አልቀየምህም።

ይህን ለአባዬ ጮክ ብለህ አንብብለት።

ዋርድ

ዛንደርሎ
ጁን 2 ቀን 1982

ዋርድ፣

ይምጡ።

ደብዳቤህን በሊያ ቡና ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስላነበብኩት እንዳትቆጣ፤ እዚህ አገር ምስጢር የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ጊዶ (ያሠለጠንኩት ልጅ ነው፣ በቲቪ ሳታየው አትቀርም) "አሜሪካኖች አሸዋ የሚያውቁት ፎጣ አንጥፈው ሲተኙበት ነው፤ ፎጣ እናቅርብላቸው" አለ። ሊያ ደግሞ "ሞተር ትተው አካፋ ይዘው ይምጡ፣ ራሳቸውን ቆፍረው እንዲያወጡ" አለች። ከወዲሁ ወንበር እየቆጠረች ነው። ስድስት ዓመት ተከታትለን የወሰድነውን ዋንጫ ሰባተኛ ጊዜ በደጃችን ስንወስድ ቆሞ የሚያይ ሰው አይኖርም አለች።

ለአባዬ ጮክ ብለህ አንብብለት ላልከው፣ ግራ ጆሮው ሞቷል። ቀኙ ደስ ሲለው ይሰማል፤ በተለይ ቢራ ሲባል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አይጽፍልህም እንጂ ይጠይቅሃል። አሁንም በየማለዳው ያንን ጥርሳም የእንጨት መደልደያውን ይዞ ጉድጓዱ ይወርዳል። እኔ ማታ በትራክተር ያስተካከልኩትን አሸዋ እሱ ጠዋት በእጁ እንደገና ይደለድለዋል። "የነዳኸውን ራስህ ደልድል፣ ያልደለደለ አሸዋ አያነብም" እያለ አይደል ያሳደገን? አንተ ትደለድል ነበር። እኔ ሻምፒዮን የሆንኩ ቀን ተውኩት። ጊዶና ጓደኞቹ ዛሬ "ሽማግሌው ምን አደከመው" ይላሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ። ምንም የሚጠይቀው ሰው የለም፣ እሱም አይናገርም።

አንድ ነገር ግን በእማዬ መቃብር ማልልኝ። እዚህ ስትመጣ እጅህ ሞተር ላይ ይሁን፣ አፍህ ይዘጋ። ስለ ጥቁሩ አሸዋ ለእነዚያ ልጆች አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ያ ነገር በዓለም ላይ ከአንድ ቤት በቀር አይገኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው እንዳይሆን ነው የምፈራው።

ብትምል አልጋህ እንዳለ ነው።

ስታፍ

ሪቨርሳይድ
ጁላይ 1 ቀን 1982

ስታፍ፣

በእማዬ መቃብር ምያለሁ። ለልጆቹ ስለ አሸዋው አልናገርም፣ አላሳይም፣ አልጠቁምም።

የውሻዋን ነገር ባትጽፋት ጥሩ ነበር። እኔ ከዛንደርሎ የወጣሁት አገሬን ጠልቼ አይደለም። በአንድ ቤት ሁለት መካኒክና አንድ ሻምፒዮን ሲኖሩ ሻምፒዮኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከሁለቱ አንዱ መሄድ ነበረበት፤ አባዬ መሄድ አይችልም። ይኸው ነው። አኩርፌ እንዳይመስልህ፤ አልጋዬን አናፍስልኝ።

ኦገስት 30 እንደርሳለን።

ዋርድ

ዛንደርሎ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1982

ዋርድ፣

ሰላምታ የለኝም። ሩጫህ ስላስቸኮለህ ትተኸው የሄድከውን ሻንጣ በፖስታ ልኬልሃለሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው አሉ። በመጀመሪያው ሩጫ ልጆቹ ሦስተኛ ሲወጡ "ዕድል ነው" ብዬ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። በሁለተኛው ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚሄድበትን የተቆፈረ ቦይ ትተው ወደ ጥጉ ወጡ። ፍሬን አልነኩም። ነጩን ደረቅ አሸዋ እየሸሹ፣ ከስር ተገልብጦ የወጣውን እርጥቡን ጥቁሩን እየፈለጉ፣ በየዙሩ መንገድ እየቀየሩ ሄዱ። ያንን ማንም በራሱ አያገኘውም። ኪፕ የሚባለው ጊዶን በውጪ በኩል ሲያልፈው እኔ ያየሁት ኪፕን አይደለም። አባዬን ነው፣ በሠላሳ ዓመቱ ሲነዳ።

ዋንጫውን እነሱ ወሰዱት፤ ሠላሳ ሺህ ሰው አፉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ፎጣ ይዘው የመጡት ሰዎች ፎጣቸውን አጥር ላይ ትተውት ሄዱ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሊያ ጋ ገባሁ። አርባ ሰው ተቀምጧል፣ አንድ ድምፅ የለም። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሊፈርዱብን የተሰበሰቡ መሰለኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ተነሥቼ "ወንድሜ ነው የነገራቸው። ምሎልኝ ነበር፣ መሐላውን በላ" አልኩ። ሊያ ብርጭቆ መወልወሏን አቆመች እንጂ ማንም አልተነፈሰም።

አባዬ እንደ ወትሮው መደልደያውን ይዞ ወርዷል።

ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ። ደብዳቤ ብትጽፍም አላነብለትም።

ስታፍ

ሪቨርሳይድ
ኦክቶበር 10 ቀን 1982

ስታፍ፣

ሻንጣው ደርሷል። ካልሲዎቼን አጥባችሁ በመላካችሁ አመሰግናለሁ፤ የአባዬ እጅ እንደሆነ ከአጣጠፉ አውቄዋለሁ።

መሐላህን በላህ ካልክ በላሁ። ምን እንድልህ ትፈልጋለህ? እዚያ አርባ ሰው ፊት ስሜን ከጠራህ በኋላ እኔ ከባሕር ማዶ ሆኜ አዎ ብልም አይደለም ብልም ለውጥ የለውም። ይቅርታ የምትፈልግ ከሆነ ይኸው፣ ይቅርታ። በእኔ ይሁን።

አንዲት ነገር ብቻ ለአባዬ ንገርልኝ። "ኪፕ ሰላም ብሎሃል፣ ውሃ የቋጠረው እጁ ድኗል" በለው። እሱ ይገባዋል። ሌላውን ባታነብለትም ይቺን አንብብለት።

ዋርድ

ዛንደርሎ
ዲሴምበር 12 ቀን 1984

ዋርድ፣

ከዚህ በፊት የላክኻቸውን አሥር ደብዳቤዎች አልከፈትኳቸውም። ይህን የከፈትኩት ሣጥን ስላለው ብቻ ነው። የማዳመጫ መሣሪያው በዚሁ ፖስታ ቤት በኩል ተመልሶልሃል። አባዬ የአሜሪካ ጆሮ አያስፈልገውም።

ለጠየቅኸው፣ አባዬ ደህና ነው።

ስታፍ

ሪቨርሳይድ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1985

ስታፍ፣

ሊያ ጻፈችልኝ። አባዬ በኖቬምበር ወድቆ ግማሽ ጎኑ እንደማይታዘዘው፣ ቃልም እንደጠፋበት የሰማሁት ከቡና ቤት ባለቤት ነው። አንተ በዲሴምበር "ደህና ነው" ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። በየትኛው እጅህ እንደጻፍከው ማወቅ እፈልግ ነበር።

ልሰድብህ አልጻፍኩም፤ ልለምንህ ነው። ሦስት ቀን ፍቀድልኝ። የማድረው ሊያ ጋ ነው፤ ከአንተ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም። አንተ ወደ ልምምድ ስትሄድ ገብቼ፣ ሳትመለስ እወጣለሁ። ሳትፈቅድልኝ መምጣት አቅቶኝ አይደለም። ብመጣ ግን በሩ ላይ እንጣላለን፤ እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ሆኖ፣ መናገር ሳይችል ያየናል። ያንን በአባዬ ላይ አላደርግም።

ለማርች 20 ትኬት ቆርጫለሁ። እባክህ፣ ወንድሜ።

ዋርድ

ዛንደርሎ
ማርች 14 ቀን 1985

ዋርድ፣

ትኬትህን መልስ። አባዬ ማርች 6 አረፈ። እሑድ ከእማዬ አጠገብ ቀበርነው።

ደብዳቤህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ቀኑ ቀደመኝ። ይህን ሰበብ ይሁነኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

የቀብር ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ፎቶው ጥሩ ነው አይደል? ካርዱ ላይ ስምህ የለም። "ልጁ ስታፍ" ብቻ ነው የሚለው። አታሚው "አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። አንዴ ስለ አንተ በሰው ሁሉ ፊት ያልኩትን መመለስ አቃተኝ። ቡናና የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ ለመቶ ሃያ ሰው አቀረብን፣ አንድ ቁራሽ አልተረፈም። ሊያ ካርዱን ፊቱንም ጀርባውንም ሁለት ጊዜ አየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጨረሻው ላይ ምን አለ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ምንም። ቃል አልነበረውም። ደህናው እጁ ብቻ ብርድ ልብሱ ላይ ወዲህና ወዲያ ይል ነበር፤ ሲደለድል እንደነበረው።

ስታፍ

ሪቨርሳይድ
ኤፕሪል 3 ቀን 1985

ስታፍ፣

ካርዱን መሥሪያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚህ ያለ ሰው የእናንተን ቋንቋ ስለማያነብ ስሜ መቅረቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር አለ። አባዬ እስኪሞት ድረስ ላልናገር ቃል ገብቼለት ነበር። አሁን ሞቷል።

በመጡ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ሲንደፋደፉ ዋሉ። ኪፕ ስድስት ጊዜ ወደቀ። በስድስተኛው ተነሣና ሞተሩን እዚያው ትቶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ አባዬ ፊት ሄዶ ቆመ። ልጁ ቋንቋችንን አያውቅም፣ አባዬ አይሰማም። ልጁ በእጁ አሸዋ ዘግኖ አሳየውና ሁለት መዳፉን ዘረጋ። "እንዴት?" ማለቱ ነው። አባዬ ብዙ አየው፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤት ገባ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አምስት መደልደያ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሦስቱን ለልጆቹ ሰጣቸው። አንዱን ራሱ ያዘ። አምስተኛውን አጥሩ ላይ ተደግፎ አየሁት። ለእኔ ያመጣው መሰለኝ። ግን ምዬልህ ነበር። ጀርባዬን ለጉድጓዱ ሰጥቼ ሞተር ላይ ተጎነበስኩ። እስከ መጨረሻው ቀን፣ ስምንት ቀን ሙሉ ዞሬ አላየሁም፣ አንዲት ቃል አልተረጎምኩም። የሰማሁት የእንጨቱን ጥርስ ድምፅና የአባዬን ሳቅ ብቻ ነው። ከነዱት ጊዜ ይልቅ የደለደሉበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ማታ እጃቸው ውሃ ቋጥሮ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ጥቁሩ አሸዋ የቱ እንደሆነ ያወቁት በዚያ ነው፣ በእጃቸው። አንተ እንዳልከው ከአንድ ቤት ነው የወጣው፤ ግን ከእኔ አፍ አይደለም።

የመጨረሻው ቀን ጆሮው ጋ ተጠግቼ "አባዬ፣ ለምን ለእነሱ?" ብዬ ጮኽኩ።

"ጠየቁኛ!" አለኝ። ሌላ ምክንያት የለውም። ሃያ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ እንደነበር ከፊቱ አየሁት።

ከዚያ እጄን ያዘና "ለስታፍ እንዳትነግረው። እሱም እዚህ ነው የሚኖረው፣ እኔም እዚሁ ነኝ። አንተ ባሕር አለህ" አለኝ። በእኔ ይሁን አልኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ላይ የተለከከው ግን በፈቃዴ ነው። እንዲህ ውድ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። ሁለት ዓመት ተኩል አባቴን ሳላየው ሞተ፤ ካርዱም ላይ ልጁ አይደለሁም።

አሁን ለሰው መንገር ያንተ ፋንታ ነው። ብትነግርም ባትነግርም ለእሱ ለውጥ የለውም። ለእኔ ግን አለው።

ዋርድ

ዛንደርሎ
ሜይ 6 ቀን 1985

ዋርድ ወንድሜ፣

አውቅ ነበር።

ይህን ሁለት ቃል ለመጻፍ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። በየጠዋቱ ወደ ልምምድ ስሄድ ትራክተሩን ከጉድጓዱ በላይ ያሉት ጥዶች መሃል አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ አያቸው ነበር። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ስለተጎነበስክ አላየኸኝም። አባዬም አላየኝም። አንዳንዴ መደልደያ ከፍ አድርጎ ወደ ጥዶቹ ሲያወዛውዝ እደነግጥ ነበር፤ ግን ቁራ ሲያባርር ነው።

እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንዱ ልጅ መደልደያውን ገልብጦ ቢይዝ አባዬ በመደልደያው ዘንግ ቂጡን መታውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወርጄ ላስቆማቸው ብዬ ነበር። ደግሞ ወርጄ አብሬያቸው ልደለድል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። "ምን ያመጣሉ፣ በአሥር ቀን አሸዋ አይማሩም" ብዬ ወደ ጊዶ ሄድኩ።

ታዲያ እያወቅኩ ያንን ደብዳቤ ለምን ጻፍኩልህ? ለአባዬ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ሽማግሌው በየቀኑ ሊያ ጋ ይቀመጣል፣ ፊታቸውን ቢያዞሩበት የት ይሄዳል፣ አንተ ግን ሩቅ ነህ እያልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፤ አንተ ከሆንክ ነገሩ ክህደት ነው፤ እሱ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንድ ጣሪያ ስር አርባ ዓመት ስኖር አንድ ቀን ሄጄ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ክህደቱ ስለቀለለኝ እሱን መረጥኩና በአንተ ላይ ጫንኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያ ጋ ገብቼ፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ቆሜ "ዋርድ አይደለም። አባቴ ነው ያስተማራቸው። አውቅ ነበር" አልኳቸው። ከዚያ ሊያ ፎጣዋን አስቀመጠችና "አንተ ሰው፣ ጉድጓዱ እኮ ከመንገዱ ይታያል። ዳቦ ልገዛ ስሄድ በየቀኑ አያቸው ነበር" አለችኝ።

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"ማን የማያውቅ አለ?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አላችሁ?"

"ሽማግሌው ደስ ብሎታል፣ አንተ ተዋርደሃል። ምን እንበልህ? አዝነንልህ ነበር ዝም ያልነው። ወንድሜ ነው ስትል ደግሞ የቤተሰብ ነገር ነው፣ አንግባ አልን።"

አየህ፣ ማንም አባዬን አልጠላውም ነበር። የሚጠብቀውም የሚፈራውም ነገር አልነበረም። አንተን ከቤትህ ያስወጣሁህ ለማንም አይደለም።

አሥሩን ደብዳቤዎችህን ከፈትኳቸው። አባዬ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ፖስተኛው ሲመጣ በዓይኑ ይጠይቀኝ ነበር። በየቀኑ ራሴን እየነቀነቅኩ "የለም" እለው ነበር፣ ደብዳቤዎቹ ከራስጌው መሳቢያ ውስጥ እያሉ። የመጀመሪያውን መቃብሩ ላይ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የኪፕ እጅ ድኗል የሚለውን። የመቃብር ጠባቂው ያበድኩ መስሎት መጣ።

ሌላ ካርድ አሳተምኩ፣ አምሳ። "ልጆቹ ስታፍና ዋርድ" ይላል። ሊያ አንድ ወሰደች። ሌሎቹ "አመሰግናለሁ፣ አንድ አለኝ" አሉኝ። የመጀመሪያው ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ገብቷል፣ አይወጣም። አርባ ዘጠኙን ለአንተ ልኬልሃለሁ። ለማን እንደምትሰጣቸው አላውቅም።

አልጋህ እንዳለ ነው ልልህ ፈልጌ ነበር። ምን አፍ አለኝ?

ስታፍ

ሪቨርሳይድ
ጁን 12 ቀን 1985

ስታፍ፣

አርባ ዘጠኙም ደርሰዋል። ሦስቱን ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ዳሬል አለቀሰ። ቶሪ ከሞተር ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው።

ኪፕ ስሞቹን አነበበና "ይህ ስታፍ ሸሚዜ ላይ የፈረመው ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። አስቦ አስቦ "ከጥዶቹ መሃል ትራክተር ላይ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬስ እሱ ነው?" አለኝ። እሱም ነው አልኩት።

ከዚያ ያለኝን እንዳለ ልጻፍልህ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ያላየሁትን ነው። አምስተኛው መደልደያ ለእኔ የመጣ እየመሰለኝ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ኖሬአለሁ።

"ሽማግሌው በየጠዋቱ መጀመሪያ እሱን ነበር የሚያየው" አለኝ። "ትርፉን መደልደያ ከፍ አድርጎ ወደ ጥዶቹ ያሳየውና ይጠብቃል። ሰውዬው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር አጥሩ ላይ ያስደግፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ነበር እኛን የሚያስጀምረን። ስምንቱንም ቀን እንዲሁ ነው ያደረገው። ልጁ ከነበረ ለምን አልወረደም?"

ስታፍን ልጠይቅልህ አልኩት። መልስ ካለህ ጻፍልኝ፣ አነብለታለሁ።

ቁራ አልነበረም፣ ስታፍ።

ዋርድ